ምንም የማይሠራው ሰውዬ

አጎቴ ከፍራንክፈርት ሲመጣ ሻንጣ አልያዘም። በእጁ አንዲት የፕላስቲክ ከረጢት ነበረች። ውስጧ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ከናቴራ፣ ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና። ካሴቷን ያየኋት በኋላ ነው። የጃኬቱ የደረት ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ሰው መታወቂያውን እንደሚያስቀምጠው።

«ይቺን ይዘህ አትገባም ካሉኝ እኔም አልገባም» አለኝ፣ ቡናውን እያስረከበኝ።

ቀኑ ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 26 ቀን 2023፣ ዓርብ። የዚያን ቀን ማታ የእንግሊዙ ባንድ ዴፔሽ ሞድ እዚህ ላይፕዚግ፣ ፌስትቪዘ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ይጫወቱ ነበር። ትኬቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና ለራሴ ብዬ አልገዛሁትም። እኔ በአስቴርና በኤፍሬም ካሴት ያደግኩ ሰው ነኝ። ዴፔሽ ሞድ ሲባል ትዝ የሚለኝ አጎቴ ሰሃን እያጠበ ሲያንጎራጉር ነው። እሱ ደግሞ ወጣትነቱን ያሳለፈባትን ላይፕዚግን በፈረንጆቹ ከ1990 ወዲህ ረግጧት አያውቅም። እኔ እዚህ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ አንድ ቀን ልይሽ ብሎ አልመጣም። ሁልጊዜ ሥራ አለበት። «ዴፔሽ አንቺ ሰፈር ሊመጡ ነው» ስለው ግን ፈረቃውን ለመቀየር አንድ ቀን አልፈጀበትም።

(የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ጋሼ» እያልኩ «አንተ» እለዋለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።)

ባንዱን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው፣ እንዳንጋባ። ከለንደን በስተምሥራቅ ባዝልደን የምትባል ከተማ አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ለንደን የጠበበው ሕዝብ እንዲኖርባት የተሠራች። በ1980 የዚያ ከተማ አራት ልጆች ጊታሩን ትተው ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን ኪቦርድ፣ ያዙ። ስማቸውን ከአንድ የፈረንሳይ የፋሽን መጽሔት ላይ ወሰዱ። ማርቲን ጎር ባንክ ቤት ይሠራ ነበር፣ አንዲ ፍሌቸር ኢንሹራንስ። ከሥራ ሲወጡ ሲንተሳይዘራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው በባቡር ለንደን ይሄዳሉ፣ ተጫውተው ይመለሳሉ። የመጀመሪያውን አልበም ዘፈኖች ከሞላ ጎደል የጻፈው ቪንስ ክላርክ በ1981 ትቷቸው ሄደ። ሰው አለቀላቸው ሲል ጎር ብዕሩን አነሳ። በ1982 አለን ዋይልደር ገባ፤ እሱም በ1995 ወጣ። ዘፋኙ ዴቭ ጋሃን በ1996 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሆቴል ክፍል ሄሮይን ወስዶ ልቡ ለሁለት ደቂቃ ያህል ቆሞ ነው የተመለሰው። ከዚያ በኋላም ዕጢ ወጥቶለታል። ሰው ሁሉ ቀድሞ ይሄዳል ብሎ የፈራው ለእሱ ነበር።

ቀድሞ የሄደው ግን ፍሌቸር ነው። «ፍሌች» ይሉታል።

ፍሌች ማለት የባንዱ ቀልድ ነበር። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ መድረክ ላይ ከኪቦርድ ኋላ ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰውዬ። ዘፈን አይጽፍም። አይዘፍንም። አንዳንድ ሰው እንዲያውም ኪቦርዱ መሰካቱን ይጠራጠር ነበር። ይጫወታል እኮ፤ ግን ሦስቱ አጠገብ ሲቆም የሱ ድርሻ አይታይም። እሱም ያውቀዋል። ስለ 1988ቱ ጉዟቸው በተሠራው ዘጋቢ ፊልም ላይ የሥራ ክፍፍላቸውን ሲያስረዳ፣ ማርቲን ዘፈን ይጽፋል፣ አለን ጥሩ ሙዚቀኛ ነው፣ ዴቭ ይዘፍናል፣ እኔ ደግሞ ወዲያ ወዲህ እላለሁ ብሎ ነው የሚስቀው። አድናቂ ሁሉ ይህችን ንግግር በቃሉ ይዟታል።

ይህን ሰው አጎቴ ለምን እንደሚወደው ለመረዳት ግን ወደ 1984 መመለስ አለብኝ።

ያኔ የደርግ መንግሥት ልጆችን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይልክ ነበር። አጎቴ በሃያ አንድ ዓመቱ ላይፕዚግ ደረሰ። መጀመሪያ የገባው ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። የውጭ አገር ተማሪ ጀርመንኛ የሚማርበት፣ ሉሙምባ ጎዳና ላይ ያለ ተቋም። ኮንሰርቱ ከመጀመሩ በፊት ወስጄው ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሞ ብዙ ጊዜ አላየውም። «ግድግዳውን ቀብተውታል» ብሎ ዞር አለ። እኔ እንባ ጠብቄ ነበር።

እዚያ ሁለት ጓደኞች አፈራ። አንደኛው አሁን ስቶክሆልም ነው። ሁለተኛው ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ገባ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንደኛው ስለሞተ፣ ሌላው ስለሚቆጣ። ሦስቱ አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። የስቶክሆልሙ ሰውዬ ድምፅ አለው፣ በዓል ሲሆን የሚዘፍነው እሱ ነው። አጎቴ ከሴኔጋላዊ ተማሪ በተዋሰው ትንሽ ኪቦርድ ያጅበዋል። ሦስተኛው ምንም አይችልም። ምግብ ያሳርራል፣ ምት አይጠብቅም። የሱ ሥራ ማን እንደታመመ ማወቅ ነው፣ ማን ከቤት ደብዳቤ እንደቀረበት፣ ለእንቁጣጣሽ አዳራሹን ከማን መለመን እንደሚቻል። ሲጣሉ አንዱን ኮሪደር ላይ፣ ሌላውን ወጥ ቤት ያነጋግርና ሁለቱንም ትክክል ነህ ብሎ ያስታርቃቸዋል።

አንድ ሌላ ሥራም ነበረው። ካሴት መቅዳት።

ዲቲ 64 የሚባል የምሥራቅ ጀርመን የወጣቶች ሬዲዮ ነበር። የምዕራባውያንን አልበም ያለ ወሬ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያጫውትበት ፕሮግራም ነበረው፤ ወጣቱ እንዲቀዳ ታስቦ። አሚጋ የተባለው የመንግሥት ሸክላ አሳታሚም በ1987 የዴፔሽ ሞድን ምርጥ ዘፈኖች አሳትሟል፤ እንደ አጎቴ አባባል ግን ሱቁ ሳይከፈት ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ኦርዎ የተባለውን የአገሩን ባዶ ካሴት ይገዛሉ፣ ቴፑን ሬዲዮው ፊት ያስቀምጣሉ። ማገናኛ ገመድ የላቸውም። በክፍሉ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሦስተኛው ሰውዬ ጣቱን ሪከርዱና ፕለዩ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

ካሴቷን ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳየኝ ፕላስቲኳ ቢጫ ሆኗል። አንደኛው ጥግ ተሰንጥቋል። ነጩ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወደ ግራ በተንጋደደ ጽሕፈት፣ «ዴፔሽ» ይላል። ከሥሩ «አይጠፋበት!»። ቃለ አጋኖው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«መጀመሪያው ላይ የሱ ድምፅ አለ» አለኝ አጎቴ። «ቸኩሎ ተጫነው። ‘ዝም በሉ፣ ጀመረ’ ሲል ይሰማል። ከዚያ ዘፈኑ ይገባል።»

በማርች 1988 ባንዱ ምሥራቅ በርሊን መጣ። ማርች 7 ቀን፣ ቬርነር ዘሌንቢንደር አዳራሽ፣ የኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበሩ የልደት በዓል ላይ። ማስታወቂያው የእነሱን ስም አልጠራም። ወሬው ግን አገሩን አዳርሶታል። ትኬቱ የሚታደለው በማኅበሩ በኩል ስለነበር ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ነገር ነው። ሦስቱ ያለ ትኬት ባቡር ተሳፈሩ። ሦስተኛው ሰውዬ በሩ ላይ ከማን ጋር ምን እንደተነጋገረ አይታወቅም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ትኬት ይዞ መጣ። አንድ ብቻ። ለአጎቴም አልሰጠውም፣ ራሱም አልገባበትም። ለዘፋኙ ሰጠው። «እሱ ዘፋኝ ነው፣ ይይ» አለ። አጎቴና እሱ ውጭ በብርድ ቆመው ከግድግዳው ጀርባ የሚመጣውን ዱም ዱም አዳመጡ።

«ተቀየምከው?» አልኩት።

«ኧረ በስማም! ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ነዋ!»

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። እኛ አገር «ኪቦርድ» ስድብ የሆነበት ጊዜ አለ፤ አሁንም ያው ነው። ብራሱ ጠፋ፣ ሳክስፎኑ ተሰቀለ፣ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሁሉን ነገር ይዘርፈው ጀመር ይባላል። ማሽን ነፍስ የለውም ይባላል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሐሳቤን መጀመሪያ ያስቀየሩኝ እንግሊዞቹ አይደሉም፤ ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው ስቱዲዮ ገብቶ፣ አኮርዲዮኑን ከኪቦርዶቹና ከድራም ማሽን ጋር አዋደደው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ሥራ እንደገና ሲታተም ዓለም ጉድ አለ። ያንን የሰማ ሰው ማሽን አያለቅስም ብሎ አይከራከረኝም። ማሽኑ ሳይሆን ሰውዬው ነው የሚያለቅሰው እንዳትሉኝ ብቻ፤ ማሽኑም ያለቅሳል።

ወደ ፍሌች ልመለስ።

ሜይ 26 ቀን 2022 ቤቱ ውስጥ ሞተ። ዋናው የደም ቧንቧው ተሰንጥቆ። ስልሳ ዓመቱ ነበር። ባንዱ አዲስ አልበም ሊቀዳ ስቱዲዮ ለመግባት ሳምንታት ነበር የቀሩት። ዘፈኖቹ አብዛኞቹ በኮሮናው ጊዜ ተጽፈዋል። ርዕሱም ተመርጧል፦ «ሜሜንቶ ሞሪ»። ላቲን ነው፤ ሟች መሆንህን አስታውስ ማለት ነው። ብዙ ሰው ርዕሱ ለፍሌች የወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ሞቱ የመጣው ርዕሱ ከተመረጠ በኋላ ነው። እኔን ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ሞትን አስታውስ ብለህ ወረቀት ላይ ጽፈህ ሳትጨርስ በር ሲንኳኳ።

ጋሃንና ጎር ሁለት ሆነው ቀሩ። በጁላይ ሳንታ ባርባራ፣ ጎር ቤት ባለው ስቱዲዮ ገቡ። አቀናባሪው ጄምስ ፎርድ ነው፤ ማርታ ሳሎኚ የምትባል ጣሊያናዊትም አብራው ሠርታለች። አልበሙ በማርች 24 ቀን 2023 ወጣ።

በየቃለ መጠይቁ ሁለቱም ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። በመካከላቸው ፍሌች ነበር። አርባ ዓመት አንድ መድረክ ላይ የቆሙ ሰዎች፣ ከባድ ነገር ሲሆን የሚነጋገሩት በእሱ በኩል ነበር። እሱ ሲሄድ ፊት ለፊት መነጋገር ግድ ሆነባቸው። ይህንን ካነበብኩ በኋላ «ምንም አይሠራም» የሚለው ቀልድ አላስቀኝም። ለአርባ ዓመት ሁለት ኩርፊያም ሰዎችን አንድ ክፍል ውስጥ ማቆየት ሥራ ካልሆነ ሥራ ምን እንደሆነ አላውቅም። በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ እንደዚህ ዓይነት ሰው አለ። አይናገርም፣ አይመረጥም። እሱ የቀረ ቀን ግን ስብሰባው አይሞላም።

አልበሙ ላይ ጋሃንና ጎር አብረው የጻፉት ዘፈን አለ፣ «ዋጊንግ ታንግ»። በነሱ ታሪክ ይህ ብርቅ ነገር ነው። ጎር ለብቻው ይጽፋል፣ ጋሃን ለብቻው ይጽፋል፣ እንደዚያ ነው የኖሩት። ዜማው ቀላል ነው፤ ሲንተሳይዘሩ እንደ ልጆች መጫወቻ ነጠላ ነጠላ እያለ ይገባል። የሚያወራው ግን ስለ ሞት ነው። «ጎስትስ አጌን» የተባለውን ደግሞ ማርቲን ጎር ሳይኬደሊክ ፈርስ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ከሆነው ከሪቻርድ በትለር ጋር ነው የጻፈው። ከበትለር ጋር የሠራቸው አራት ዘፈኖች አሉ፤ ከአራቱ ሁለቱን እኔ ዘልዬ ነው የማልፈው፣ ይቅር ይበሉኝ። ይሄኛውን ግን አልዘልም። ፈጣን ነው፣ ብሩህ ነው፣ መኪና ውስጥ የሚከፈት ዓይነት። ለዚያ ነው አንጀት የሚበላው። በጥቁርና ነጭ በተቀረጸው ክሊፕ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሕንፃ አናት ላይ ተቀምጠው ቼዝ ይጫወታሉ። ሦስተኛ ወንበር የለም።

«ሶል ዊዝ ሚ» ላይ ጎር ራሱ ይዘፍናል። ድምፁ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ነው። ቄስ ቤት ቢያድግ ጥሩ ድጓ ይወጣው ነበር ይላል አጎቴ። የመጨረሻው ዘፈን፣ «ስፒክ ቱ ሚ»፣ የጋሃን ነው። አንድ ሰው በባዶ ክፍል ውስጥ አናግረኝ፣ የት አለህ እያለ የሚለምን ይመስላል። መጀመሪያ ዝግ ያለ ነው። ከዚያ ከሥሩ አንድ የማሽን ድምፅ ይነሳል፣ እየጎላ፣ እየጎላ መጥቶ ሰውዬውን ይውጠዋል። መጀመሪያ የሰማሁት ትራም ውስጥ ነው። መውረጃዬ አለፈኝ።

እንግዲህ ወደ ሜዳው።

ፌስትቪዘ ከትልቁ ስታዲየም አጠገብ ያለ ሜዳ ነው። ከሰዓት ጀምሮ ከተማው ጥቁር በለበሰ ሰው ተጥለቅልቆ ነበር። አጎቴም ጥቁር ለብሷል። ለቅሶ የሚሄድበት ጥቁር ጃኬቱ ነው። «ምን ላድርግ፣ ሌላ ጥቁር የለኝም» አለኝ። ትራሙ ውስጥ ከጎናችን የቆመች ጸጉሯ የሸበተ ጀርመናዊት ሴት ጃኬቱን አይታ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ሳቄ መጣ።

በሩ ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው ልጅ ሃያ ዓመትም አይሞላው። ካሴቷን አገላብጦ አያት። ምን እንደሆነች ያወቀ አልመሰለኝም። «ሙዚቃ ነው» አለው አጎቴ በሳክሶኒ ቅላጼ፤ ያ ቅላጼ አሁንም አለቀቀውም። ልጁ ስቆ አሳለፈን።

ራበን። ያለው ቋሊማ ብቻ ነው። ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም። ግን የአሳማ ነው። «ያኔ የተበላው ተበልቷል፣ አሁን ይቅርብኝ» ብሎ ድንች ጥብስ ገዛ። ድንቹን እየበላ በድንገት ቆመ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«26።»

«ሜይ 26? ሙት ዓመቱ ነዋ!»

አላሰብኩትም ነበር። ትኬቱን ስገዛ ያየሁት ቀኑ ዓርብ መሆኑን ነው። ዙሪያችንን አየሁ። ቢራ የያዘ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣ፣ ጉልበቱን አሞት ሳሩ ላይ የተቀመጠ። ድንኳን የለም፣ ንፍሮ የለም። ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር የለበሱ ሰዎች በሙት ዓመቱ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስበዋል። አጎቴ የድንቹን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። መጣያ አጠገቡ ነበር።

ሲጀምሩ ገና አልመሸም። መድረኩ ላይ ትልቅ «ኤም» ፊደል ቆሟል። ጋሃን በዚያው ወር ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል። እንደ እንዝርት ይሾራል። ሰደሪያ ብቻ ነው የለበሰው፣ ክንዱ በንቅሳት ተሸፍኗል። ጎር ጥፍሩን ጥቁር ቀብቶ ጊታሩን ይዟል። ከኋላቸው ድራም ላይ ክርስቲያን አይግነር፣ ኪቦርድ ላይ ፒተር ጎርዲኖ፤ ሁለቱም ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብረዋቸው ናቸው። በፍሌች ቦታ ሌላ ሰው አልተተካም። አራት ሰው ነው ያለው። ከሩቅ ሆነህ ስትቆጥር እንኳ አንድ ጎደሎ ይመስልሃል።

«ወርልድ ኢን ማይ አይስ» ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ፍሌች ወጣ። ወጣቱ ፍሌች፣ ከነመነጽሩ። በዘፈኖቻቸው መካከል ከሁሉ የሚወደው ይሄንን ነበር። ከፊታችን የቆሙ ሰዎች ጣታቸውን አቆላልፈው እንደ መነጽር ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ማንም አላዘዛቸውም። ልብ በሉ፣ ዘፈኑ የሐዘን ዘፈን አይደለም። የዳንስ ዘፈን ነው። ሰው ሁሉ እየጨፈረ ነው የሚያለቅሰው። አጎቴን ዞሬ አየሁት። አይጨፍርም፣ አያለቅስም። በቀኝ እጁ የደረት ኪሱን ይዟል። መዝሙር ሲዘመር እንደሚቆም ሰው።

በኋላ ሁለቱ ብቻ መድረኩ ጫፍ መጥተው አንድ ዝግ ያለ የድሮ ዘፈን አብረው ዘፈኑ። ጋሃን ወደ ጎር ዞሮ ነው የሚዘፍነው፣ ወደ እኛ አይደለም። እንደዚያ ባለ ሜዳ ሁለት ሰዎች ለብቻቸው ሲያወሩ የሰማን መሰለኝ፤ ትንሽ አፈርኩ። ሲጨርሱ ተቃቀፉ። ድሮ እንደዚህ አይደሉም አሉ፣ የሚያውቋቸው። ድሮ መድረክ ላይ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚጨርሱበት ጊዜ ነበር ይባላል።

ያኔ ነው አጎቴ ጆሮዬ ሥር መጥቶ ያወራኝ። ሙዚቃው ከፍ ስላለ ግማሹን ነው የሰማሁት። የአዲስ አበባው ጓደኛቸው የሞተው በ2021፣ በኮሮና ነው። አጎቴ ለቀብሩ መድረስ አልቻለም። የስቶክሆልሙም አልደረሰም። ሁለቱ ከዚያ በፊትም ለዓመታት አይነጋገሩም ነበር፤ ፖለቲካ ነው መሰለኝ፣ ጠይቄው አላውቅም። ግን ሟቹ በየሳምንቱ ለሁለቱም ይደውላል። «እሱ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» ይለዋል አጎቴን። ለወዲያኛውም እንደዚያው። ማናቸውም ሰላም ብለው አያውቁም።

«ከሞተ ጀምሮ ያ ሰውዬ ይኑር ይሙት አላውቅም» አለኝ።

«ኔቨር ሌት ሚ ዳውን አጌን» ላይ ሜዳው ሁሉ እጁን አንስቶ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ከ1988 ጀምሮ፣ አሜሪካ ፓሳዴና ስታዲየም ውስጥ ከታየ ወዲህ፣ የዚህ ሕዝብ ወጉ ነው። ነፋስ የመታው የጤፍ ማሳ አይታችሁ ከሆነ እሱን አስቡ፤ እንደዚያ ነው። አጎቴ እጁን አነሳ። አንዱን ብቻ። ሌላው ኪሱ ላይ ነበር።

ጉዞው እስከ ኤፕሪል 2024 ቀጥሎ ኮሎኝ ላይ ነው ያበቃው፣ 112 ኮንሰርት። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የተጫወቱትን ሦስት ምሽቶች ፈርናንዶ ፍሪያስ የተባለ የአገሩ ዳይሬክተር ቀርጾ፣ በ2025 መገባደጃ ሲኒማ ቤቶች አሳዩት። ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን በአበባና በምግብ እንደሚጠሩ ከኮንሰርቱ ጋር እያሰናሰለ ነው የሠራው። ጥሩ ፊልም ነው፣ ምስሉ ግን አንዳንዴ ከልክ በላይ ይቆራረጣል፤ ሰውዬው ዘፈኑን ይጨርስ እንጂ ያሰኛል። ያንን አይቼ ስወጣ ነው ይህን ልጻፍ ያልኩት። ሜዳው ላይ የነበረው ማታ መጣብኝ።

የዚያን ማታ ቤት የደረስነው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። አጎቴ ሶፋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ካሴቷን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። እኔ ቤት ካሴት ማጫወቻ የለም። እሱ ቤትም የለም። መስማት አንችልም። ዝም ብለን አየናት።

«ፎቶ አንሺያት» አለኝ።

አነሳኋት። ጽሑፉ እንዲነበብ መብራቱን አስጠግቼ።

«ለዚያ ሰውዬ ልትልኪለት ትችያለሽ? በአንቺ ስልክ። ቁጥሩን ከእናትሽ ታገኚያለሽ።»

«ምን ብዬ?»

አሰበ። «ምንም አትበይ። ፎቶውን ብቻ።»

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ላክሁት። ሰላምታ እንኳ የሌለው መልእክት ለማላውቀው ሽማግሌ መላክ ነውር ሆኖብኝ፣ ከሥሩ «የእገሌ እህት ልጅ ነኝ» ብዬ ጨመርኩ።

ጠዋት ቡናውን አፍልቼ ስልኬን ሳይ መልስ መጥቷል። አጎቴ መነጽሩን ስላላገኘው እኔ አነበብኩለት።

«እኔ ማክሰኞ ስቶክሆልም አይቻቸዋለሁ። ካሴቱ ደግሞ የእኔ ነው። መልስ በይው።»

«ውሸታም!» አለ አጎቴ። ስኒውን አስቀመጠ። ስልኬን ከእጄ ወስዶ በረንዳ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።